የባጃጅ ስም የማን ነው?

ሰላም ወንድሜ። ባጃጅ የሰው ስም ነው ወይ፣ ሰውዬውስ ፖለቲካ ውስጥ ነበር የሚባለው እውነት ነው ወይ ብለህ ጠይቀሃል። አዎ፣ ሁለቱም እውነት ነው። ጃምናላል ባጃጅ ይባላል።

የተወለደው ህንድ ውስጥ፣ ራጃስታን ነው። ገና ልጅ ሳለ አንድ የዋርዳ ከተማ ሀብታም ነጋዴ ቤት በማደጎ ገባ። በ17 ዓመቱ አሳዳጊው ጌጣጌጥ አድርጎ ሰርግ እንዲሄድ አዘዘው። ልጁ እምቢ አለ። ሽማግሌው በሀብቱ ሲመጻደቅበት፣ ከዚህ ንብረት ምንም አልፈልግም ብሎ ደብዳቤ ጽፎ ከቤት ወጣ። በኋላ ታርቀው ተመለሰ። እኔ ሰውየውን የምወደው ከዚህ ደብዳቤ ጀምሮ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1920 ህንድን ከእንግሊዝ ነፃ ለማውጣት ይታገል የነበረው የኮንግረስ ፓርቲ ገንዘብ ያዥ ሆነ። እንግሊዞች የሰጡትን የክብር ማዕረግ መለሰላቸው። በ1923 ናግፑር ከተማ ላይ የነፃነት ትግሉን ባንዲራ ለማውለብለብ በተካሄደው ተቃውሞ ታሰረ። ባጃጅ የሚባለውን የንግድ ቡድን ያቋቋመው በዚህ ሁሉ መሀል፣ በ1926 ነው።

ትልቁ ድፍረቱ ግን በ1928 የመጣ ይመስለኛል። የቤተሰቡን ቤተ መቅደስ፣ መግባት ተከልክለው ለኖሩት «አይነኬዎች»፣ ማለትም ከሁሉ ዝቅ ተደርገው ለሚታዩት ሰዎች፣ በሩን ከፈተላቸው። የገዛ ወገኖቹ በጣም ተቆጥተውበት ነበር። ጋንዲ እንደ አምስተኛ ልጁ ያየው ነበር፤ ሴቫግራም የሚባለው የጋንዲ መኖሪያ ያረፈበትን መሬትም የሰጠው ባጃጅ ነው።

ባጃጅ በ1942 አረፈ። እኛ የምንሳፈራት ባለሦስት እግሯ የተሠራችው ከሞተ በኋላ ነው፤ አላያትም። ልጁ ካማልናያንና የልጅ ልጁ ራሁልም የፓርላማ አባላት ነበሩ።