መልስ፦ ማኅበረሰብን የሚለውጠው አስተሳሰብ ነው ወይስ ሥርዓት?

ሶሲዮሎጂና ሳይኮሎጂ ስለ ማኅበራዊ ለውጥ የሚሰጡት ማብራሪያ ይጋጫል ወይ ብለው ለጠየቁት፣ እኔ ሁለቱ ይደጋገፋሉ ባይ ነኝ። ማርክስ የለውጡን ሞተር በአመራረት ሥርዓትና በመደብ ትግል ውስጥ አየው፤ የሶሲዮሎጂ ምሁሩ ማክስ ቬበር ደግሞ እምነትም ኢኮኖሚን ሊቀርጽ እንደሚችል ተከራከረ። ይህን ማንኛውም የመማሪያ መጽሐፍ ስለሚያብራራው አልዘልቅበትም።

ይበልጥ ጊዜ እንዲሰጡት የምመክርዎ የሶሲዮሎጂ ምሁሩ ማርክ ግራኖቬተር እ.ኤ.አ. በ1978 ያቀረበውን ሐሳብ ነው። መቶ ሰው አደባባይ ላይ ቆሟል እንበል። አንዱ ማንንም ሳይጠብቅ አመፅ ይጀምራል። ሁለተኛው አንድ ሰው ሲነሳ ካየ ይከተላል፣ ሦስተኛው ሁለት ሰው ካየ፣ እንዲህ እያለ እስከ መቶኛው። ሁሉም ይነሳሉ። አሁን ሁለተኛውን ሰው ብቻ፣ ሁለት ሰው ካላየ በማይንቀሳቀስ ሌላ ሰው ይተኩት። የመጀመሪያው ብቻውን ይቀራል! የሕዝቡ ስሜት ያው ነው ማለት ይቻላል፤ ውጤቱ ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። «ዝም ያለ ሕዝብ ረክቷል» የሚለውን ድምዳሜ አጥብቄ የምቃወመውም ለዚህ ነው።

ከሳይኮሎጂው በኩል የሳይኮሎጂ ምሁሩን ሊዮን ፌስቲንገርን (እ.ኤ.አ. 1957) ያክሉበት። ድርጊትና እምነት ሲጋጩ ሰው ይጨነቃል፣ ብዙ ጊዜም እምነቱን ወደ ድርጊቱ ያስጠጋል። ስለዚህ አዲስ ሕግ መጀመሪያ ባህርይን ለውጦ አመለካከትን በኋላ ሊያስከትል ይችላል። የሶሲዮሎጂ ምሁሩ የዊሊያም ኦግበርን «የባህል መዘግየት» (እ.ኤ.አ. 1922) የተባለው ሐሳብ ደግሞ ቴክኖሎጂ ሲሮጥ ሕግና ልማድ ለምን ወደኋላ እንደሚቀሩ ያሳይዎታል።