«ጊልቲ ክራውንን ልቀጥል ወይስ ልተወው?» ላልሽው

ጊልቲ ክራውን ስለሚባለው የጃፓን አኒሜ (የካርቱን ተከታታይ) የጠየቅሽውን አየሁት። «ጊልቲ ክራውንን ጀምሬ ክፍል 8 ደርሻለሁ። ስዕሉ አፍ ያስይዛል፤ ታሪኩ ግን አልያዘኝም። ችግሩ የኔ ነው ወይስ የሱ?» ነው ያልሽው። ከስር «ታገሺ፣ ኋላ ላይ ያምራል» ያሉሽ አሉ። «አጥፊውና ሌላ ጀምሪ» ያሉሽም አሉ። እኔ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሁለት ጊዜ አይቼዋለሁ። ሁለተኛውን ጊዜ ያየሁት ናፍቆኝ አይደለም፤ ምኑ ጋ እንደተበላሸ ለማወቅ ነው። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ። ከክፍል 8 በኋላ ያለውን ሳልነካ ማስረዳት አልችልም። መጨረሻውን አስቀድመሽ ማወቅ ካልፈለግሽ ቀጥታ ወደ መጨረሻው አንቀጽ ውረጂ።

ችግሩ ያንቺ አይደለም።

መጀመሪያ ያየሁት ጓደኛዬ በፍላሽ ሰጥቶኝ ነው። ያኔ ግራፊክ ዲዛይን እየተማርኩ ነበር። የዋናዋን ገጸ ባሕርይ የኢኖሪን ስዕል የሆነ ቦታ አይቼ በእሷ ብቻ ነው የተጠመድኩት። የገጸ ባሕርያቱን የመጀመሪያ ዲዛይን የሠራው ሬድጁስ የሚባለው ሰዓሊ ነው። ያ ሐመር ሮዝ ፀጉር፣ ያ የወርቅ ዓሣ የመሰለ ቀይ ቀሚስ! የመጀመሪያውን ክፍል እያቆምኩ ስክሪንሾት ስወስድ የ22 ደቂቃው ነገር ከአንድ ሰዓት በላይ ፈጀብኝ። ዋናው ልጅ ሹ ከኢኖሪ ደረት ውስጥ ሰይፉን ሲያወጣ የሚፈነጥቀውን ክሪስታል በፎቶሾፕ ለመሥራት ሳምንት ሙሉ ታግያለሁ። አልተሳካልኝም።

ሙዚቃውም ቢሆን እንደዚያው ነው። ሳውንድትራኩ የሂሮዩኪ ሳዋኖ ነው። በታሪኩ ውስጥ ኢኖሪ የምትዘፍንበት ባንድ «ኢጎይስት» ይባላል። ለአኒሜው ተብሎ የተፈጠረው ይህ ባንድ እውነተኛ ባንድ ሆኖ ቀረ፤ አኒሜው ካለቀ ከአስር ዓመት በላይ ቆይቶ በፈረንጆቹ 2023 ነው የተበተነው። ከወለደው ታሪክ በላይ ዕድሜ ያለው የፈጠራ ባንድ! ይሄ ብቻውን ብዙ ነገር ይናገራል።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። የታሪኩ መነሻ ሐሳብ ደካማ አይደለም፣ እንዲያውም ግሩም ነው። በ2029 የገና ዋዜማ ጃፓን ውስጥ ወረርሽኝ ይነሳል። ከአስር ዓመት በኋላ አገሩን የሚያስተዳድረው ጂኤችኪው የሚባል ዓለም አቀፍ ኃይል ነው። ሹ ዓይን አፋር የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነው። ከሰው ልብ ውስጥ «ቮይድ» የሚባል ነገር መዞ የማውጣት ኃይል ያገኛል። ቮይዱ የሰውየው የተደበቀ ማንነት ነው። ፍርሃቱ፣ ቁስሉ፣ ምኞቱ ቅርፅ ይዞ ይወጣል። የአንዱ መቀስ ነው፣ የሌላው ካሜራ፣ የሌላዋ ጋሻ።

እስቲ አስቢው። ከሰው ውስጥ ባወጣሽው መሣሪያ ቁጥር የዚያን ሰው ምስጢር እጅሽ ላይ ታያለሽ። ጓደኛሽ ሳይፈቅድ ገበናውን ይዘሽ ትዋጊያለሽ። ይሄ ሐሳብ በደንብ ቢያዝ ከእያንዳንዱ መሣሪያ ጀርባ አንድ ታሪክ ይኖር ነበር። ያንን ነበር የጠበቅኩት። ያገኘሁት ግን በየሳምንቱ አዲስ ዕቃ የሚወጣበት ሳጥን ነው። በር ለመክፈት ካሜራው ያስፈልጋል፣ ስለዚህ ካሜራው ይወጣል። ልጁ ለምን ካሜራ እንደሆነ ግን ለአፍታ ተነክቶ ይታለፋል። ክፍል 8፣ አንቺ የቆምሽበት የደሴቱ ክፍል፣ ዋናው ጉዳይ ይሄ ካሜራ ነው። የባሕር ዳርቻ፣ የዋና ልብስ፣ የፀሐይ መግቢያ፣ ሁሉም አምሮ ተሥሏል። ካለቀ በኋላ ግን ስለ ልጁ አንድ ቁም ነገር ይዘሽ አልተነሳሽም አይደል? እዚያ ላይ መድከምሽ አይገርመኝም።

ያኔ እኔ ይሄ አልታየኝም ነበር። ያሳየችኝ ታናሽ እህቴ ናት። ከኔ ጋር ማየት ጀምራ ሁለት ክፍል አመለጣትና «ምን ሆነ?» አለችኝ። ልነግራት አፌን ከፈትኩ። «ሰይፉ እንዲህ ብሎ ሲወጣ፣ ከኋላዋ ከተማው ሲፈርስ...» እያልኩ እጄን ሳወናጭፍ ራሴን አገኘሁት። «እሺ፣ ግን ምን ሆነ?» አለች ደግማ። መልስ አልነበረኝም። ያለፉት ሁለት ክፍሎች በዓይኔ ላይ ቁልጭ ብለው ይታዩኛል፤ ማን ምን ፈልጎ ምን እንዳደረገ ግን አላውቅም። ከዚያ ወዲህ የማንኛውም አኒሜ መለኪያዬ ይህ ጥያቄዋ ነው።

ፍትሐዊ ለመሆን፣ አንድ ጊዜ ታሪኩ ሊነሳ ነበር። ከክፍል 13 በኋላ ተማሪዎቹ በታጠረች ቶኪዮ ውስጥ ትምህርት ቤታቸው ላይ ይዘጋባቸዋል። ክትባቱ ለሁሉም አይበቃም። ያኔ አንዱ ሰውን በቮይዱ ጥቅም ደረጃ እንመድብ ይላል፤ የሚጠቅም ቮይድ ያለው ቅድሚያ ያገኛል፣ የማይጠቅም ወደ ታች። እዚህ ላይ ተስተካክዬ ተቀመጥኩ። ሃሬ የምትባለው ደግ ልጅ ቮይዷ ፋሻ ነው፤ የተሰበረ ነገር ይጠግናል። ሹን ሳትነግረው የምትወደው እሷ ናት። ክፍል 15 ላይ፣ በዝቅተኛ ደረጃ የተመደቡት ልጆች ዋጋቸውን ለማሳየት በራሳቸው ሄደው በፈጠሩት ጣጣ፣ ሹን አድና ትሞታለች። በጠቅላላው 22 ክፍል ውስጥ መሣሪያውና ሰውዬው አንድ የሆኑት እዚህ ብቻ ነው። ፋሻ የሆነች ልጅ ሰው ጠግና ሞተች። ምንም ማብራሪያ አላስፈለገውም። እህቴ አለቀሰች። እኔም፣ እሺ፣ ዓይኔ ውስጥ አቧራ ገብቶ ነበር።

ከዚያ ሹ ይለወጣል። ያ ዓይን አፋር ልጅ አምባገነን ንጉሥ ይሆንና የደረጃ ምደባውን ራሱ ያውጃል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ጠላው። እኔ ግን የወደድኩት እዚሁ ላይ ነው፤ ምክንያቱም ለመጀመሪያ ጊዜ የራሱን ምርጫ መረጠ፣ ምርጫውም ዋጋ አለው። ቮይድ ሲሰበር ባለቤቱም ይሞታል የሚለው ሕግ የሚታወቀውም በዚሁ ሰሞን ነው። በሰው ልብ መዋጋት ምን ማለት እንደሆነ በመጨረሻ ሊነገረን ነው አልኩ።

ምን ያደርጋል! ሁለት ክፍል እንኳ በቅጡ አልቆየም። ክፍል 12 ላይ በስንት ሙዚቃና በስንት እንባ የሞተው የአማፂዎቹ መሪ ጋይ ክፍል 17 ላይ ተነስቶ ይመጣል። የሹን ቀኝ እጅ ቆርጦ ኃይሉን ይወስዳል። የትምህርት ቤቱ ጉዳይ፣ የደረጃው ጉዳይ፣ የአምባገነንነቱ ጉዳይ በአንድ ምት ተዘጋ። እነዚያ የተበደሉት ጓደኞች ጥቂት ቆይተው ተመልሰው ከጎኑ ይቆማሉ። ይቅርታው መቼ እንደተለመነ፣ መቼ እንደተሰጠ አላየሁም። ከዚያ በኋላ ተቀምጠን የወላጆችን የኋላ ታሪክ እንሰማለን፣ ሊያልቅ ጥቂት ክፍል ሲቀረው! የሞተው ይነሳል፣ የተጣላው ይታረቃል፣ የተሰበረው ይጠገናል። ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ። ኢኖሪ በጣቶቿ ክር እየጠላለፈች ትጫወት የለ? የታሪኩም ውል እዚያው ክር ውስጥ ጠፋ።

የመጨረሻዎቹን ክፍሎች ስናይ መብራት ሄደ። ሌላ አኒሜ ቢሆን የላፕቶፑን ባትሪ እንከራከርበት ነበር። ያን ቀን ማንም ምንም አላለም፤ ቡና ተፈላ። መብራት ሲመጣም ለመክፈት የቸኮለ አልነበረም። በማግስቱ ጨረስነው። ሹ ዓይኑን አጥቶ ተቀምጦ ጓደኞቹ የሃሬን ልደት ሲያከብሩ ያልቃል። ለሃሬ ሲባል ብቻ ጉሮሮዬ ላይ ትንሽ ነገር ተሰማኝ።

አሁን አንድ የሚገርመኝን ነገር ልንገርሽ። አኒሜውን የሠራው ፕሮዳክሽን አይጂ የሚባለው ስቱዲዮ ነው። ከጥቅምት 2011 እስከ መጋቢት 2012 በፈረንጆቹ፣ በፉጂ ቴሌቪዥን ኖይታሚና በሚባለው የሌሊት ሰዓት ነው የታየው። ዳይሬክተሩ ቴትሱሮ አራኪ፣ ሙዚቃው ሳዋኖ፣ የሹ ድምፅ ዩኪ ካጂ። በ2013 አታክ ኦን ታይታን የሚባለው አኒሜ መጣ። ዳይሬክተሩ አራኪ፣ ሙዚቃው ሳዋኖ፣ የዋናው ገጸ ባሕርይ የኤረን ድምፅ ዩኪ ካጂ። ስቱዲዮውም ዊት ቢሆን ከፕሮዳክሽን አይጂ በወጡ ሰዎች የተቋቋመ ነው። እጁ ያው እጅ ነው ማለት ይቻላል። የተለየው ከሥሩ የኢሳያማ ማንጋ (በስዕል የተጻፈ የታሪክ መጽሐፍ) መኖሩ ነው፤ የሞተ ሰው ሞቶ የሚቀርበት ታሪክ። ያው ቡድን በ2016 እንደገና ያለ ማንጋ ካባኔሪ የሚባለውን አኒሜ ሠራ። ብረት የለበሰው ባቡር፣ ደም፣ ጭስ፣ የመጀመሪያዎቹ ክፍሎች ልብ ይሰቅላሉ። ቢባ የሚባለው ሰው ከመጣ በኋላ ግን ቁልቁል ነው።

ታዲያ ጥፋቱ ማንጋ አለመኖሩ ነው? እኔም አንድ ሰሞን እንደዚያ ብዬ ነበር። ግን አይሆንም። ጊልቲ ክራውን ባለቀ በሰባተኛው ወር፣ በዚያው ኖይታሚና፣ ያው ፕሮዳክሽን አይጂ ሳይኮ ፓስ የሚባለውን አኒሜ አቀረበ። እሱም ማንጋ አልነበረውም። እሱም 22 ክፍል ነው። እዚያ ግን የሰው አእምሮ በመሣሪያ ይለካል የሚል አንድ ሕግ ተቀመጠ፣ ከዚያም እያንዳንዱ ክፍል ያንን ሕግ እየጎተተ ሌላ ሰው ላይ ሞከረው። ማንም ሕጉን አልረሳውም። ጊልቲ ክራውን የራሱን ሕግ ረሳው። መጀመሪያ ቮይድ የወጣበት ሰው ራሱን ይስታል ተባለ። ኋላ ደግሞ ሁሉም ነቅቶ የራሱን ቮይድ ይዞ መሮጥ ጀመረ። ጦርነቱ እንዲደምቅ ነው። ደመቀም።

መጨረሻውን ሳትሰሚ እዚህ የወረድሽ ከሆነ፣ ምክሬ ይኸው። እስከ ክፍል 12 እዪ። የመጀመሪያው ግማሽ እዚያ ላይ ይዘጋል፤ ለዓይንና ለጆሮ ብቻ እንኳ አያስቆጭም። በስልክ ግን አትይው፣ ያ ስዕል ያሳዝናል። ከዚያ አራት ክፍል ብቻ ጨምሪ፣ እስከ 16። የታሪኩ ምርጥ ቦታ ያለው እዚያ ውስጥ ነው፣ ምኑ እንደሆነ አልነግርሽም። ቀሪውን መጨረስ ግዴታ አይደለም። ብትተዪው ኦፕኒንጎቹን (የመክፈቻ ዘፈኖቹን) ብቻ ስልክሽ ላይ አስቀሪ፣ እኔ እስካሁን አለኝ። ታሪክ የጠማሽ ከሆነ ሳይኮ ፓስ ይሻልሻል። ደም አለበት፣ አስቢበት። በማግስቱ ሥራ ካለሽ ደግሞ ማታ እንዳትጀምሪው።