የኮሎራዶ አራት ድሎች እንዴት ይመዘኑ?

ጥያቄ፦ የምኖረው በኮሎራዶ፣ አውሮራ ከተማ ነው። ልጄ ቦልደር በሚገኘው ኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ስለተማረ የዩኒቨርሲቲውን የአሜሪካ ፉትቦል ቡድን አብሬው መከታተል ጀመርሁ። አሰልጣኝ ዲዮን ሳንደርስ የመጀመሪያ ዓመቱን በ4 ድልና በ8 ሽንፈት ፈጸመ። ልጄ መሻሻል ነው ሲል ጓደኞቹ ውድቀት ነው እያሉ ዛሬም ይከራከራሉ። ሦስት ተከታታይ ጨዋታዎችን በማሸነፍ የጀመረ ቡድን እንዴት እንዲያ ሊወርድ ቻለ?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ እኛ ከልጅዎ ጋር እንስማማለን፤ ይሁን እንጂ ጓደኞቹ ያዩት ጉድለትም እውነተኛ ነው። ቡድኑ እ.ኤ.አ. በ2022 ከ12 ጨዋታዎች ያሸነፈው አንዱን ብቻ ሲሆን፣ የዚያን ጊዜው አሰልጣኝም ገና በአምስተኛው ሽንፈት ተሰናብቷል። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ወር የተሾመው ሳንደርስ ተጫዋቾቹን ለመጀመሪያ ጊዜ ሰብስቦ ሲያነጋግር ወደ ሌላ ዩኒቨርሲቲ መዛወሪያ እንዲፈልጉ በግልጽ ነገራቸው። አብዛኞቹም ሄዱና ቡድኑ ከሞላ ጎደል በአዲስ ሰዎች ተተካ። የዝውውር ደንቡ ይህን ቢፈቅድም፣ ለመማርም ጭምር የመጡ ወጣቶችን በዚያ መንገድ ማሰናበት ተገቢ ነበር ብለን አናምንም።

ቀድሞ የተገኙት ድሎች ሁሉንም አስደነቁ። መስከረም 2 ቀን 2023 ኮሎራዶ፣ በቀደመው የውድድር ዘመን ለብሔራዊ ፍጻሜ ደርሶ የነበረውን የቴክሳስ ክርስቲያን ዩኒቨርሲቲን በተጋጣሚው ሜዳ 45 ለ 42 ረታ፤ ቀጥሎም ነብራስካን 36 ለ 14፣ ኮሎራዶ ስቴትን ደግሞ በሁለተኛ ጭማሪ ሰዓት 43 ለ 35 አሸነፈ። በዚህ ሦስተኛ ጨዋታ ግን ማጥቃትንም መከላከልንም የሚጫወተው ትራቪስ ሀንተር ጉበቱ ላይ ጉዳት ደርሶበት ለሦስት ጨዋታዎች ተለየ። በማግስቱ ሳምንት ኦሪገን 42 ለ 6 አሸነፋቸው።

ዋናው ችግር ግን ከፊት መስመሩ ላይ ነበር። ኳሱን የሚያቀብለው ኳርተርባክ፣ የአሰልጣኙ ልጅ ሸዱር ሳንደርስ፣ በዓመቱ ውስጥ ኳሱን ሳይለቅ ከ50 ጊዜ በላይ ተጥሏል፤ በመጨረሻም ጉዳት ስለደረሰበት ከዩታ ጋር በተደረገው የመዝጊያ ጨዋታ አልተሰለፈም። ፈጣን ኳስ ተቀባይ በዝውውር መጥቶ በሳምንታት ውስጥ ውጤት ሊያሳይ ይችላል። ኳርተርባኩን የሚከልሉት አምስት ግዙፍ ተጫዋቾች ግን ተጋጣሚ በየትኛው በኩል እንደሚመጣ እኩል አንብበው፣ አንዱ ሲለቅ ሌላው እየያዘ መሥራት ስላለባቸው፣ አብረው ሳይቆዩ ሊግባቡ አይችሉም። ይህ መግባባት በአንድ ክረምት አልተገኘም።

ጥቅምት 13 ከስታንፎርድ ጋር የተደረገውን ጨዋታ ልጅዎም የሚረሳው አይመስለንም። ኮሎራዶ እስከ እረፍት 29 ለ 0 እየመራ ቆይቶ በሁለተኛ ጭማሪ ሰዓት 46 ለ 43 ተሸነፈ፤ ከዚያ በኋላም አንድም ጨዋታ አላሸነፈም። በኅዳር ወር መጀመሪያ ሳንደርስ የማጥቃቱን ስልት የመምራት ኃላፊነት ከአንዱ ረዳቱ ወደ ሌላው አዛወረ፤ ተጫዋቾቹን የሚከልል መስመር እስካልተገኘ ድረስ ግን ይህ ብዙ ሊጠቅም አይችልም ነበር።

ሆኖም ከስምንቱ ሽንፈቶች አምስቱ በ7 ወይም ከዚያ ባነሰ ነጥብ ልዩነት የመጡ መሆናቸውን ለልጅዎ ጓደኞች ይንገሯቸው። በዚህ ስፖርት ይህ ከአንድ ሙሉ ግብ አይበልጥም። በ2024 ያው አሰልጣኝ 9 አሸንፎ 4 ተሸነፈ፤ ሀንተርም የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች የሚሸለመውን የሃይዝማን ዋንጫ ወሰደ። ሀንተርና ሸዱር ወደ ፕሮፌሽናል ሊግ በሄዱበት በ2025 ደግሞ ቡድኑ ወደ 3 ድልና 9 ሽንፈት ተመለሰ፤ ስለዚህ ጓደኞቹ ሳንደርስን ሊተቹት ከፈለጉ ከመጀመሪያው ዓመት ይልቅ ይኸኛው ጠንካራ ማስረጃ ይሆናቸዋል።