ለባሕር ዳር ወጣቶች፦ «ቃል ሥጋ ሆነ» ስትሉ

የተወደዳችሁ ልጆቼ፣

በሕፃናት ሐኪምነት ረጅም ዘመን አገልግዬ አሁን በጣና ዳር በጡረታ እኖራለሁ። ይህን የምጽፍላችሁ ብዙዎቻችሁ ምሥጢረ ሥጋዌን፣ ማለት አምላክ ሰው የሆነበትን ምሥጢር፣ በቃላችሁ ይዛችሁ፣ ትርጉሙን ግን ሳታሰላስሉ የምታልፉት ስለሚመስለኝ ነው። አንዳንዶቻችሁ አምላክ ሰው መስሎ ለጥቂት ጊዜ የታየ ይመስላችኋል፤ ሌሎቻችሁ ደግሞ አንድ ደግ ሰው እግዚአብሔር አድሮበት የከበረ አድርጋችሁ ታስባላችሁ። አባቶች ሁለቱንም አልተቀበሉም፤ እ.ኤ.አ. በ431 በኤፌሶን ተሰብስበው ድንግል ማርያምን «ወላዲተ አምላክ» ማለት ተገቢ መሆኑን ያጸኑት፣ ከእርሷ የተወለደው ራሱ እግዚአብሔር ወልድ ስለሆነ ነው።

በሥራዬ ዘመን አዲስ የተወለደ ሕፃን ስመረምር እርግብግቢቱን በጣቴ እዳስሳለሁ፤ አጥንቱ ገና ስላልገጠመ ከቆዳው ሥር ትርታው ይሰማል። ያ ሕፃን ካልሸፈኑት ይበርደዋል፣ ካላጠቡት ይራባል፣ አንገቱን እንኳ ቀና ማድረግ አይችልም። ሉቃስ እናቱ በመጠቅለያ ጠቅልላ በግርግም እንዳስተኛችው፣ ኋላም በጥበብና በቁመት እንዳደገ ሲጽፍልን ይህንኑ እውነተኛ ሥጋ መናገሩ ነው። ሰማይና ምድርን የያዘው ጌታ በእናት ክንድ ተያዘ ማለት እጅግ ያስደነግጣል፤ ሊያስደነግጠንም ይገባል። ተዋሕዶ የምንለውም መለኮትና ሥጋ ያለ መቀላቀል፣ ያለ መለወጥና ያለ መለያየት አንድ መሆናቸውን ነው። በዘጌ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ስትገቡ የመቅደሱን ግድግዳ የሞሉትን የእመቤታችንንና የልጇን ሥዕሎች በጥሞና ተመልከቱ።

ይህ ጉዳይ ለጣና ዳር ሕዝብ የመጽሐፍ ክርክር ብቻ አልነበረም። ዐፄ ሱስንዮስ እ.ኤ.አ. በ1622 የካቶሊክን እምነት በይፋ ሲቀበሉ በሀገሪቱ ለተነሣው ጠብ ከዋና ምክንያቶቹ አንዱ የክርስቶስ ባሕርይ ጉዳይ ነበር፤ ብዙ ደም ከፈሰሰ በኋላ በ1632 ንጉሡ ለሕዝቡ የቀድሞ ሃይማኖቱን መለሱለት። ስለዚህ በስልካችሁ ላይ ሌላውን ለመዝለፍ ይህን ምሥጢር መሣሪያ ስታደርጉት ሳይ በጣም አዝናለሁ።

ጾመ ነቢያት (የገና ጾም) ኅዳር 15 ሲገባ የሉቃስን የመጀመሪያ ሁለት ምዕራፎች በየቀኑ ጥቂት ጥቂት አንብቡ። የማይገባችሁን ቃል ጽፋችሁ ያዙና በሰንበት ትምህርት ቤት መምህራችሁን፣ ዕድሉን ስታገኙም በገዳማቱ ያሉትን የመጻሕፍት መምህራን ጠይቁ፤ ጥያቄያችሁ ሕፃኑ በእርግጥ ይርበው፣ ይበርደው ነበር ወይ የሚል ቢሆንም ለመጠየቅ አትፈሩ።