ቪዛ አለኝ ማለት ከአገር በሕግ ወጣሁ ማለት ነው ወይ?

እህቴ፣ ዱባይ ያለችው የአክስትሽ ልጅ የጉብኝት ቪዛ ልካልሽ «ቪዛ ካለሽ ሕጋዊ ነሽ፣ ኤጀንሲ ምን ያደርግልሻል?» ብላሻለች፤ አንቺ ደግሞ ከአገር መውጣትና ሰው አገር መግባት በሕግ አንድ ናቸው ወይ ብለሽ ጠይቀሻል። አንድ አይደሉም። ሪያድ ሰው ቤት ሠርቼ የተመለስኩ ስለሆንኩ ያየሁትን ልንገርሽ።

ቪዛ የሚሰጥሽ የምትሄጂበት አገር ነው። ግቢ ብሎሻል፣ ሌላ ምንም አላለም። ማን እንደላከሽ፣ በስንት እንደተዋዋልሽ፣ ቤተሰብሽ የት እንዳለ ጉዳዩ አይደለም። መውጣቱ የእኛ አገር ጉዳይ ነው። ውልሽ በሥራና ክህሎት ሚኒስቴር በኩል ጸድቆ፣ ስምሽ ከአሠሪሽና ከኤጀንሲው ስም ጋር ሲመዘገብ ነው ለሥራ ወጣች የምትባዪው።

ይሄ ወረቀት ለማብዛት ይመስልሻል። አይደለም። ጥቅምት 2006 ዓ.ም. መንግሥት ወደ አረብ አገር ለሥራ መሄድን አግዶ ነበር፣ እገዳው እስከ 2010 ቆየ። ሰው ግን መሄዱን አላቆመም። ብዙዎቹ ልክ እንዳንቺ በጉብኝት ወይም በዑምራ ቪዛ ነው የወጡት። ቪዛው እውነተኛ፣ የፓስፖርቱ ማህተምም እውነተኛ፤ ለሥራ መሄዳቸውን የሚያውቅ መዝገብ ግን እዚህ የለም።

ሪያድ እያለሁ ማዳሜ የወራት ደሞዝ ስትይዝብኝ ኤምባሲ ሄጄ ነበር። ከፊቴ የተሰለፈች የወሎ ልጅም ጉዳይዋ ከኔ ጋር አንድ ነው። ሁለታችንም መጀመሪያ የተጠየቅነው «ውልሽ የታለ?» ተብለን ነው። እሷ ከጉያዋ ያወጣችው በላስቲክ የተጠቀለለ የቪዛ ኮፒ ብቻ ነው፣ እጥፋቱ ላይ ተቀዶ። የኔ ውል ላይ 1000 ሪያል የሚል፣ የአሠሪው ስምና ስልክ፣ ከታች የኤጀንሲው ማህተም አለ። አዲስ አበባ ላለው ኤጀንሲ ተደወለ፣ እሱ ሪያድ ያለውን ወኪሉን ያዘ፣ ደሞዜም ከብዙ ምልልስ በኋላ ወጣ። ለእሷ ግን ለማን ይደወል? የላካት ደላላ ስልኩን ካጠፋ ቆይቷል። ልጅቷ ምንም አላጠፋችም፣ የሠራችበትን ነው የጠየቀችው። እስካሁን ያንገበግበኛል።

ስለዚህ ኤጀንሲ ምን ያደርግልኛል ላልሽው፣ በአዋጅ 923/2008 መሠረት ኤጀንሲው ከአሠሪው ጋር አብሮ ተጠያቂ ነው። እዚያ የተበደልሽውን እዚህ የምትጠይቂው ሰው አለሽ ማለት ነው። የቪዛ፣ የደርሶ መልስ ትኬት፣ የመኖሪያና የሥራ ፈቃድ፣ የኢንሹራንስ ወጪም የአሠሪው ነው። ካንቺ የሚጠበቀው የፓስፖርት፣ የጤና ምርመራና እንዲህ ያለው ነው። ኤጀንሲ ሁሉ ደህና ነው እያልኩሽ አይደለም፣ ለቪዛ ክፈዪ የሚሉም ሞልተዋል፤ ቢያንስ ግን ቢሮው የት እንደሆነ ታውቂያለሽ።

የዱባዩ ነገር ደግሞ ይባስ ነው። በጉብኝት ቪዛ መሥራት በእነሱም ሕግ ክልክል ነው። ቀኑ ካለፈብሽ በቀን 50 ድርሃም ይቆጠርብሻል። እዚያ ወደ ሥራ ቪዛ ይቀየርልሻል ይሉሻል፣ ሊቀየርም ይችላል። ግን የተስተካከለው የእነሱ በኩል ብቻ ነው፤ እዚህ አሁንም ዘመድ ልትጠይቅ የሄደች ነሽ።

ሌላው ሰው የማያስበው፣ ገብተሽ መውጣትም እንዳለ ነው። ሳዑዲ ሰው ቤት የምትሠራ ልጅ አሠሪዋ ኸሩጅ፣ የመውጫ ቪዛ ማለት ነው፣ ካላስመታላት አትወጣም። በ2013 ዓ.ም. ለድርጅት ሠራተኞች ቀለል ሲያደርጉት የቤት ሠራተኞችን አላካተቱም። ከቤት ጠፍታ ፓስፖርቷ አሠሪው እጅ የቀረ ደግሞ ከኤምባሲ ሊሴ ፓሴ፣ በፓስፖርት ፈንታ የሚሰጥ የጉዞ ወረቀት፣ ብታወጣ እንኳ አገሯ የሚያስገባት እንጂ ከሳዑዲ የሚያስወጣት አይደለም፤ ብዙ ልጆች ሊሴ ፓሴ በእጃቸው ይዘው እስር ቤት የሚቆዩት ለዚህ ነው።

የአክስትሽ ልጅ ክፉ አስባ አይመስለኝም፣ እሷም እንዲሁ ሄዳ ስለተሳካላት ነው። አንቺ ግን መጀመሪያ የኤጀንሲውን ስም ይዘሽ ፈቃዱ የታደሰ መሆኑን ሚኒስቴሩ ጋ አጣሪ። ውሉን ሳታነቢ አትፈርሚ፣ ደሞዙንና የዕረፍት ቀኑን እዪ። ፎቶ አንሺውና አንዱን ለእናትሽ፣ አንዱን ለምታምኚው ሰው ላኪ፣ እዚያ ስትደርሺ ስልክሽን ሊወስዱብሽ ይችላሉ። ያልገባሽ ካለ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ፣ ማታ ማታ እገባለሁ።