ስለ ቡግሮ «ታላቋ እህት»

እርስዎ ፈረንሳዊው ሠዓሊ ዊልያም ቡግሮ እ.ኤ.አ. በ1869 የሣለውን፣ ዛሬ በሂውስተን የሥነ ጥበብ ሙዚየም የሚገኘውን፣ አንዲት ልጅ የተኛ ሕፃን ታቅፋ የምትታይበትን «ታላቋ እህት» ጠቅሰው፣ በሥዕሉ የሚታየው ፍቅር እውነተኛ ነው ወይስ የተመልካችን ልብ ለማባባት የተቀናበረ ነው ሲሉ ጠይቀዋል። በእኔ እምነት ሁለቱ አይጋጩም። ቡግሮ እ.ኤ.አ. በ1850 ወጣት ፈረንሳውያን ሠዓሊዎችን ለትምህርት ወደ ሮም የሚልከውን የሮምን ሽልማት አግኝቶ በጣሊያን የሕዳሴውን ዘመን ሠዓሊ የራፋኤልን ሥራዎች ያጠና፣ እያንዳንዱን አቀማመጥ በንድፍ ደጋግሞ የሚሠራ የአካዳሚ፣ ማለትም የመደበኛው የሥነ ጥበብ ትምህርት ወግ፣ ሰው ነበርና ቅንብሩ አያስገርምም፤ ዋናው ጉዳይ በቅንብሩ የተነገረው ነገር ነው።

እስቲ ሕፃኑን ልብ ብለው ይመልከቱት። እንቅልፍ ጥሎታል፤ ሰውነቱን ሙሉ በሙሉ ለእህቱ ጥሏል፤ ልጅ ታቅፎ የሚያውቅ ሰው የተኛ ልጅ ክብደት ምን ያህል እንደሚጨምር ወዲያው ይሰማዋል። እሷ ግን በባዶ እግሯ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ፣ በማርያምና በሕፃኑ ኢየሱስ ሥዕሎች ዘንድ እንደተለመደው ወደ ታቀፈችው ልጅ አታጎነብስም፤ ቀጥታ እኛን ታያለች። ይህን እይታ የጠባቂ እይታ አድርጌ አነበዋለሁ፤ ራሷ ገና ልጅ ሆና ሳለ የአዋቂን ኃላፊነት ተሸክማለች፣ ርኅራኄዋም ከዚያ የሚመነጭ ይመስለኛል።

የሚያሳዝነኝ የቀለሙ ልስላሴ ነው፤ የብሩሽ ዱካ በማይታይበት በዚያ ንጹሕ ቆዳ ላይ የገጠር ልጅ ድካም ምልክት አልቀረም። ቢሆንም የሥዕሉን ርእስ አይርሱ፤ ቡግሮ «እናት» ሳይሆን «ታላቋ እህት» ብሎ ሰይሞታልና ንባብዎን ከዚያ ቢጀምሩ እመርጣለሁ።