«ወንድሜን አስከልክዬ ሞግዚቱ ልሁን?»

«የምሠራው ኮምቦልቻ ነው። የ28 ዓመት ወንድሜ ደሴ ከእናታችን ጋር ይኖራል፤ ባይፖላር የሚባል የአእምሮ ሕመም አለበት። አምና ሲነሳበት የእናቴን ወርቅ በርካሽ ሸጠው። መድኃኒቱን በደንብ መውሰድ ከጀመረ ወዲህ ግን ደህና ነው፤ ሥራ ገብቷል፣ ሊያገባም አስቧል። አጎታችን ‹ፍርድ ቤት አስከልክዪውና ሞግዚት ሁኚ፤ አለበለዚያ የአባታችሁን ቤት ይሸጠዋል› እያሉ ወጥረው ይዘውኛል። ምን ላድርግ?»

አብሽሪ እህቴ። የወርቁ ነገር ያንገበግባል፤ አይፈረድብሽም። በዚህ ሕመም እንቅልፍ የሚጠፋበት፣ ገንዘብ የሚበተንበት ጊዜ ይመጣል። ሲያልፍ ግን ብዙዎቹ እንደማንኛችንም አስበው ይወስናሉ። ሞግዚትነት ደግሞ ሲነሳበት ብቻ የሚሠራ አይደለም፤ ደህና በሆነበትም ቀን አብሮት ይውላል።

አጎትሽ የሚሉት ሕግ አለ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ የታማሚው ጤናና ጥቅም ሲያስገድድ ፍርድ ቤት ሊከለክለው፣ ማለትም በገዛ ጉዳዩ በሕግ ፊት ብቻውን እንዳይወስን ሊያደርገው ይችላል ይላል። ንብረቱን ሞግዚት ያስተዳድርለታል፤ ራሱን የሚጠብቅለት አሳዳሪም ይኖረዋል። ከዚያ ወዲያ ኑዛዜ ማድረግ አይችልም፤ ለማግባት እንኳ የፍርድ ቤት ፈቃድ ያሻዋል። ይህን አጎትሽ ነግረውሻል? እሳቸው ያነሱት ቤቱን ብቻ ነው፤ እኔ ግን ሊያገባት ያሰባትን ልጅ አሰብኩ።

ቤቱም ቢሆን ያልተከፋፈለ የጋራ ውርስ ከሆነ፣ ያለ እናንተ ፈቃድ ብቻውን ሊሸጠው አይችልም። እንደ ወርቁ ገበያ ወስዶ የሚለውጠው ነገር አይደለም።

እኔ ብሆን መጀመሪያ እሱን እጠይቀዋለሁ። ኢትዮጵያ በ2002 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትም፣ እንዲህ ያለው ሰው ራሱ እንዲወስን ይታገዝ ነው የሚለው። ቡና አፍሉና፣ አጎትሽ በሌሉበት፣ «ሲነሳብህ ምን እንድናደርግልህ ትፈልጋለህ?» በይው። ስለ ወርቁ ካንቺ ይልቅ እሱ ሳያፍር አልቀረም፤ በወቀሳ ከጀመርሽ ወሬው እዚያው ያልቃል። ሁለት ሌሊት እንቅልፍ ካጣ ማን ሐኪም ጋ ይውሰደው? የባንክ ደብተሩስ ማን ጋ ይቀመጥ? ጫት የሚቅም ከሆነም እንቅልፍ ይነሳዋልና አንሱት፤ ወሎ ተቀምጦ ይህን መዝለል አይቻልም። የተስማማችሁበትን ጻፉት፣ እሱም ይፈርምበት። ከፈለገ ለተወሰነ ጉዳይ ውክልና ይስጥሽ፤ ደህና ሳለ በፈቃዱ የሚሰጠው፣ ሲፈልግም የሚሽረው ነው።

ሕመሙ አልለቅ ካለ፣ መድኃኒቱም ካልያዘለት፣ ሰዎችም እያታለሉ ያለውን የሚወስዱበት ከሆነ ግን ለፍርድ ቤት ማመልከት ጭካኔ አይደለም። ዘመድ ማመልከት ይችላል፤ ምክንያቱ ሲወገድም ክልከላው እንዲነሳለት ይጠየቃል።

ለአጎትሽ ለጊዜው «ሐኪሙን ሳናማክር አንንቀሳቀስም» በያቸው። በሚቀጥለው ቀጠሮው አብረሽው ግቢ፤ የፍርድ ቤቱንም ነገር እሱ እየሰማ አንሺው እንጂ ሐኪሙን ለብቻው ይዘሽ እንዳታወሪ።